ሽታዬና ቆሞ የተገነባው ድንጋይ

እትዬ ሽታዬን የማታውቋት ከሆነ ዛሬ ታውቋታላችሁ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከበዴሳ በሞተር ሃያ ደቂቃ በሚያስኬደው ቀበሌያችን መሮና መዶሻ ይዛ ድንጋይ የምትጠርብ ሴት ከእሷ ሌላ የለችም። አሥራ አንድ ዓመት ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ በጀርባዋ ስታወርድ ኖረች። አንድ ቀን ጠራቢዎቹ ምሳ ሲሄዱ የአንዱን መሮ አነሳች፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ከእጇ አላስጣላትም።

ድንጋያችን አሸዋ ድንጋይ ነው። ቀላ ያለ፣ በጣት ሲያሹት ቅንጣቱ የሚረግፍ፣ ለመሮ የሚመች። ግን አንድ አመል አለው። መሬት ውስጥ የኖረው ንጣፍ በንጣፍ ተኝቶ ስለሆነ ግንብ ላይም እንደተኛ መቀመጥ አለበት። አቁመው ከገነቡት ሸክም ሲያርፍበት ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። ለዚህ ነው ሽታዬ ድንጋዩ ሳይነቀል በፊት ወደ ላይ የሚያየውን ፊቱን በከሰል የምታሰምረው።

ለትምህርት ቤታችን አዲስ ክፍሎች ሲሠሩ የበረንዳው ጣሪያ በስድስት የድንጋይ ዓምዶች ላይ አረፈ። ሥራው ወደ ማለቁ ሲል ከሶዶ የመጣው ፎርማን ፋኑኤል ሽታዬን የጠራቢዎች አለቃ አደረጋት። አለቃ! አሥራ አራት ወንድ ከሥሯ! እኔ የወላጅ ኮሚቴ ስለሆንኩ እዚያው ነበርኩ፤ አረማመዷ ራሱ ተቀየረ።

አለቃ በሆነች በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጣለ። ዓምዶቹ የተሸፈኑበት ላስቲክ የተነሳው በዚያው ሳምንት ነው። ተማሪዎች ደግሞ ሰኞ ሊገቡ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሽታዬ በበረንዳው ስታልፍ ሦስተኛው ዓምድ ሥር ቆመች። ጎንበስ ብላ ጥፍር የሚያካክሉ ቅርፊቶች ከወለሉ ለቀመች። ከዚያ ቀና አለች። አሸዋ ድንጋይ ሲረጥብ የንጣፉ መስመር ይወጣል። የሌሎቹ ዓምዶች መስመር ሁሉ ተጋድሟል። ከሦስተኛው ዓምድ አናት ላይ፣ አግዳሚውን እንጨት የተሸከመው ድንጋይ መስመር ግን ቆሟል፤ በመስመሩም በኩል ክር የመሰለ ስንጥቅ ወርዷል።

“ፋኑኤል፣ ና እስቲ። ይሄ ድንጋይ ይውረድ።”

“ጣሪያ ተሸክሞ?”

“እየተላጠ ነው።”

“እትዬ ሽታዬ፣ ድንጋይ እንደ ተቀቀለ ቦዬ ሥር ይላጣል እንዴ?”

ሠራተኞቹ በሳቅ አውካኩ። እሷ ቅርፊቶቹን መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ሳቁ ቆመ። ፋኑኤል ወደ ላይ አየ፤ ስንጥቁን ሲያገኘው ፊቱ ተለዋወጠ።

“ሰኞ ሕፃናት ሥሩ ሊቀመጡ! ማነው የጠረበው? ስሙን ንገሪኝ፤ ዛሬውኑ ይባረራል!”

ሽታዬ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ከአሥራ አራቱ ወደ አንዱ በአገጯ ብትጠቁም ያልቅ ነበር።

“እኔ ነኝ” አለች። “ይሄን በጠረብኩ ቀን ዝናቡ ከሰሉን አጠበው። በግምት ጠረብኩ።”

“አንቺ? እኔ እኮ አለቃ አድርጌሽ!”

“አድርገኸኛል። መጀመሪያ ድንጋዩ ይውረድ፤ ከዚያ እኔን ታወርደኛለህ።”

ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚውን የሚደግፉ ሁለት ፑንቴሎዎች፣ የብረት ምሰሶዎች ማለት ነው፣ ከዓምዱ ግራና ቀኝ ተተከሉ። መክብብ የሚባለው የጉልበት ሠራተኛ እንጨቱን ወደ ላይ የሚገፋውን ክሪክ ያዘ። ሽታዬ መወጣጫው ላይ ወጣች።

“ሌላ ሰው ይውጣ” አለ ፋኑኤል።

“ያበላሸሁት እኔ፣ የምወጣውም እኔ።”

መክብብ ክሪኩን ገፋ። እንጨቱ አቃሰተ። ደገመ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል የጣት ውፍረት ብርሃን ታየ። ሽታዬ ስሚንቶውን በመሮ ፈልፍላ ስትጨርስ የሁለት እጇን ጣቶች ከእንጨቱ ሥር አስገብታ ድንጋዩን ወደ ራሷ ሳበች። ግማሹ ወጣ።

ያን ጊዜ የክሪኩ እግር ገና ስሚንቶ ያልፈሰሰበት ወለል ጭቃ ውስጥ ሰመጠ።

“እጅሽን!” ጮኸ መክብብ።

ጣሪያው ዘጭ አለ። የግራው ፑንቴሎ ዘመም ሲል ፋኑኤል በትከሻው ገጨው። እኔስ? እንዴት እንደደረስኩ እንጃ፣ የቀኙን እንደ ዘመድ አቅፌው ነበር! ሽታዬ እጇን አላወጣችም። ብትለቀው ድንጋዩ መክብብ አናት ላይ ነው የሚወርደው።

“ክሪኩ ሥር ጣውላ አስገባ” አለች፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሁሉ ረጋ ብላ። “ቶሎ በል እንጂ፣ ጣቶቼን እወዳቸዋለሁ!”

መክብብ ጣውላውን ወተፈና ገፋ። እንደገና ገፋ። ብርሃኑ ተመለሰ። ድንጋዩ ወጥቶ ሁለት ሰዎች ተቀበሏት።

ሽታዬ ወርዳ የድንጋዩን ጎን በመዶሻ መታች። ምንም። ሁላችንም አየናት። ጤነኛ ድንጋይ ነው እንዴ ያወረድነው? ደግማ መታች። ድንጋዩ ያለ ብዙ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ፤ ከአንዱ ግማሽ ላይ ደግሞ ስስ ንጣፍ ተንሸራቶ ወደቀ። መክብብ አናቱን ዳበሰ።

ተተኪውን ድንጋይ ያስገባችው እሷው ናት። ክሪኩ ሲወርድ እንጨቱ በደንብ እስኪቀመጥ ድረስ መዳፏን ከድንጋዩ ላይ አላነሳችም።

“ከሰሉ የታጠበ ቀን በግምት ስንት ጠረብሽ?” ፋኑኤል ነው።

“ሁለት።”

“ሌላኛውስ?”

“ከክፍሎቹ ግድግዳ አንዱ ውስጥ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ዝናብ ስላልነካው መስመሩ አይታይም። ውሃ ይምጣና ግድግዳዎቹን እናርጥብ።”

ፋኑኤል ወደ እኔ ዞረ። ሰኞ ይግቡ አይግቡ የሚለው የእኛ የኮሚቴው ውሳኔ ነው። “ሰኞ አይገቡም” አልኩት። “ለጊዜው ቸርች አዳራሽ ይማራሉ።”

“አለቅነቱስ?” አለች ሽታዬ፣ ስሚንቶውን ከእጇ እየጠረገች። “ቁርጡን ንገረኝ።”

“የራሱን ጥፋት ተናግሮ የሚያወርድ ሌላ አለቃ ከየት ላምጣ?” ባልዲ አንስቶ አስያዛት። “በይ ሂጂ፣ አለቃ። ከየትኛው ክፍል እንጀምር?”

አሥራ አራቱም ባልዲ እየያዙ ተከተሏት። ሁለተኛው ድንጋይ ከሦስተኛው ክፍል መስኮት ሥር ተገኘ፤ መስመሩ ቆሟል።