ክብረ መንግሥት ላይ የሚሞላው ጋዜጣ

ያንን ሰውዬ ሳላየው ነው የጠላሁት። የማውቀው በጽሑፉ ብቻ ነበር። አረንጓዴ እስክሪብቶ፣ ቀጥ ያለ ፊደል፣ ስርዝ ድልዝ የሚባል ነገር የሌለበት።

ነገሌ መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ተጉዞ የሚደርሰው አውቶቡስ በየሳምንቱ ለአንድ ነጋዴ ሐጂ አንድ ጋዜጣ ያመጣል። ከሹፌሩ እጅ ተቀብዬ ሱቃቸው የማደርሰው እኔ ነኝ። ሐጂ የሚፈልጉት የጨረታውን ገጽ ነው። እሱን ለይተው ያስቀሩና "ሌላውን አንብብና መልስልኝ፣ ስኳር እጠቀልልበታለሁ" ይሉኛል። አንብብ የሚሉት ለቀልድ ነው። ማንበብ እንደማልችል መናኸሪያው በሙሉ ያውቃል። እኔም ወስጄ እቀመጥበት ነበር።

ፊደል ያስቆጠረኝ የተበተነ ወታደር ነው። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን አገሩ መመለስ ያልፈለገ፣ እዚሁ ቀርቶ ከእኛ ጋር ጆንያ መሸከም የጀመረ ሰው። አውቶቡስ እስኪመጣ ድረስ ጆንያው ላይ የተጻፈውን በጣቱ እየነካ "ይቺ ማን ትባላለች?" ይለኛል። ስሳሳት ሆዱን ይዞ ይስቃል።

"አንተ የከብት ልጅ! ያን ሁሉ ላም በመልኳ እየለየህ ይቺን አጣሃት?"

እውነቱን ነው፤ ከነገሌ ወጣ ብሎ ሊበን ገጠር ከብት ስር ያደግሁ ነኝ። አማርኛውንም ያገኘሁት ከተማ ገብቼ፣ እየተሳቀብኝ ነው። ፊደል ስጀምር የልጆች አባት ነበርኩ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው መጽሐፋቸውን እንደ ውኃ ሲያንቆረቁሩት እሰማለሁ፤ እኔ ደግሞ አንዷን ቃል እንደ ድንጋይ እየገፋሁ ነው። ሰው በልጁ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

ማንበብ ስችል ጋዜጣው ላይ ያለው ወሬ ብዙም አልያዘኝም። የያዘኝ የመጨረሻው ገጽ ነው። ትንንሽ ቤቶች፣ ገሚሱ ጥቁር ገሚሱ ነጭ፣ አግድምና ወደ ታች ቃል የሚሞላባቸው። ወታደሩ አሠራሩን አሳየኝ። "ጥያቄውን ታነባለህ፣ በአንድ ቤት አንድ ፊደል ትጽፋለህ። መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል።" ያን ዕለት ለራሴ ወሰንኩ። አንዱን ከዳር እስከ ዳር በእጄ ሳልሞላ ማንበብ ችያለሁ አልልም።

ግን ሁልጊዜ ተሞልቶ ነው የሚመጣው።

ሹፌሩን ጠየቅሁት። "ማነው የሚጽፍበት?"

"ክብረ መንግሥት ምሳ የምበላበት ቤት ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ ነው። የተማረ ነው። እኔ ጥብሴን በልቼ እጄን እስክታጠብ ይጨርሰዋል።"

"እስክትታጠብ?"

"አንዳንዴ እንዲያውም ይቀድመኛል።"

ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ዓመታት የፈጀብኝን ነገር እሱ በአንድ ጥብስ! "አታሳየው፣ ደብቀው" አልኩት። ሹፌሩ ሳቀብኝ። "ጋዜጣ ስላመጣሁለት'ኮ ነው ጥሩ ሥጋ የሚያስመርጥልኝ። ላንተ ብዬ አጥንት ልብላ?"

"እንግዲያው ነገሌም ሰው አለ በለው! እሱም መሙላት ይችላል፣ ይተውለት በለው!"

በሳምንቱ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ሹፌሩ በመስኮት ጋዜጣውን እያውለበለበ "ተወልህ! ተወልህ!" ይላል። ቀምቼ ገለጥኩት። ሁሉም በአረንጓዴ ተሞልቷል። ባዶ የቀሩት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው። ጥያቄውን አነበብኩ፤ "ወተት የምትሰጥ የቤት እንስሳ" ይላል።

ላም ተወልኝ። ለከብት ልጅ ላም።

ወታደሩ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አይቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ በሳቅ መቆም አቅቶት ነው። እኔ ጋዜጣውን ልቀደው ነበር። አልቀደድኩትም። የሐጂን እስክሪብቶ ተውሼ "ላ" ብዬ "ም" ብዬ ሞላሁት። የኔ ፊደል ከሱ አጠገብ ሲታይ ያነክሳል። ጋዜጣውን ለሐጂ መለስኩላቸው፣ በነጋታው ስኳር ተጠቀለለበት፤ እንዳለፉት ሁሉ። ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ ስኳር ተጠቅልሎበት ስለሚሄድ የሱን መልስ ከጋዜጣው መልስ ጋር አስተያይቼ አላውቅም። ለምን ብዬ? አረንጓዴው ለኔ ከኅትመቱ እኩል ነበር፤ ትርጉሙ የማይገባኝ ቃል ሲያጋጥመኝ ያላወቅሁት እኔ ነኝ እል ነበር።

ዓመታት እንደዚህ ሄዱ። ከዚያ ስልኩ መጣ። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ሲጠበቅ ጨዋታ ነበር፤ አሁን ጫኙም ተሳፋሪውም አንገቱን ደፍቶ መዳፉን ያያል። ትናንት ስሙን መጻፍ ያቃተው ጎረምሳ በአውራ ጣቱ ዓለምን ሲያገላብጥ አይቼ ቀናሁበት። እኔ ለአንድ ፊደል የተሳቀብኝን ያህል ማንም አልሳቀበትም። ወታደሩ ይህን ሳያይ ሞተ።

አንድ ቀን ጋዜጣውን ስገልጥ የመጨረሻው ገጽ ነጭ ነው። አንዲት አረንጓዴ ጭረት የለችበትም።

"ዛሬ ክብረ መንግሥት አልቆማችሁም?" አልኩት ሹፌሩን።

"ቆመናል። ልጁ ስልክ ገዝቷል። ጋዜጣውን ሳሳየው ዞርም አላለ።"

የፈለግሁት ይኸው አልነበር? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰውዬው ግን አልተሸነፈልኝም፤ ትቶኝ ሄደ። የማሳድደው ሰው ሩጫውን ትቶ መኪና ተሳፈረ።

ቢሆንም ሞላሁት። ገጹን ከሐጂ አስፈቅጄ ለራሴ አስቀረሁ። ስሠራ እያሰብኩ፣ ስበላ እያሰብኩ ሞላሁት፤ ሦስት ቃል ቀረኝ። ግድ የለም፣ መልሱ ሳምንት ይወጣል፣ ከዚያ በፊት አገኛቸዋለሁ አልኩ። ሳምንቱ ደርሶ አውቶቡሱ ሲመጣ ሹፌሩ እጁ ባዶ ነው።

"ጋዜጣው የታለ?"

"የለም። መታተም አቁሟል አሉ።"

"ለዛሬ ብቻ ነው?"

"ዛሬም ነገም። አለቀ።"

ሐጂ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ "እህ፣ ጨረታው እዚህም ይወጣል፤ ልጄ አሳይቶኛል" አሉኝ። "ሐጂ፣ ሦስት ቃል ቀርቶኝ ነበር" አልኳቸው። "እኔ ከጨረታ ሌላ ምን አውቃለሁ?" አሉኝ።

መልሱ ሊገኝ የሚችለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነበር። እሱም ያ አረንጓዴ እስክሪብቶ ያለው ሰው ነው።

ከረምረም ብዬ የከብት መኪና አጅቤ ክብረ መንግሥት ሄድኩ። ገጹን ደረት ኪሴ ውስጥ አጥፌ ይዣለሁ። ምግብ ቤቱን ጠይቄ ገባሁ። ሒሳብ የሚቀበለው ሰው ለካ ልጅ አይደለም፤ ጸጉሩ ሳስቷል። ስልኩን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር ያሳያል፣ ሰዎች ከበውት ይስቃሉ። በዚህም ይበልጠኛል አልኩ በልቤ።

"አካም፣ አባቴ! ከወዴት ነዎት?" አለኝ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ።

"ናጋ። ከነገሌ።"

"ነገሌ!" ስልኩን አስቀመጠው። "እዚያ መናኸሪያ ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሰው ነበር። ላም ትቼለት ነበር፤ ሹፌሩ ተናደደ ብሎኛል። ምን ሆነ?"

እጄ ኪሴ ላይ ነበር።

"ሞተ" አልኩት።

"ውይ! ነፍስ ይማር።" ከልቡ አዘነ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ሻይ አዘዘልኝና ፈገግ አለ። "ከሞተማ ምን አፍራለሁ? ያ ሰው አንድ ቀን ነቅቶብኝ ይሰድበኛል ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት።"

"ምን አድርገህ?"

"ሁሉንም መች አውቄ ሞላሁትና! ገሚሱን የማውቀውን፣ የቀረውን የመጣልኝን ፊደል። 'በ' ከመጣልኝ 'በ'። ሹፌሩ ሳይነሳ ልጨርስ ብዬ ነው። ደግሞስ ማን ያየዋል?"

የከበቡት ሳቁ። እኔ ሻዩን ጠጣሁ። ገጹን አላወጣሁትም፣ አንዱንም ጥያቄ አልጠየቅሁትም፤ ምን ያውቅና?

ወደ ነገሌ ስመለስ ጋቢና ውስጥ ገጹን ዘረጋሁና እስክሪብቶ ያዝኩ። ከእንግዲህ የሚያርመው የለም፣ የሚያየው የለም፤ እንደሱ የመጣልኝን ሞልቼ ልገላገል አልኩ። እጄ እምቢ አለኝ። የመጣልኝን ፊደል አንዱ ባዶ ቤት ላይ አስጠጋሁት፣ እስክሪብቶው ቆመ። ለእሱ ፊደል ለዶሮ እንደሚበተን በቆሎ ነው፤ ሕፃን ሳለ በነጻ የሰጡትን ነገር ቢበትነው ምን ቸገረው? እኔ አንዷንም ቢሆን ያለ ቦታዋ መጣል አልችልም።

ሐሰተኛ መሆኑን አውቄም አልተወኝም ቅናቱ። አሁን የምቀናው በእውቀቱ አይደለም። እንደዚያ መበተን በመቻሉ ነው።

ሦስቱ ቃላት ዛሬም ባዶ ናቸው።