ዳለቻው ብረት

የዚያን ቀን እንጅባራ ከሚገኘው ዱቄት ፋብሪካ፣ ስንዴ ከሚመዘንበት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ከዘንገና በፈረስ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ከከተማው የተጠሩ ሌላ ሽማግሌ፣ የፋብሪካው ባለቤት፣ ክንዷን በነጠላ ያንጠለጠለችው ስንዴ አጣቢዋ ትርንጎ፣ የዳንግላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጀማል፣ ስድስተኛዋ እኔ ይታይሽ፣ ዕቃ ገዥዋና መጋዘን ጠባቂዋ። እውነቱን ሙሉ በሙሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ነው። ጀማል የፋብሪካውን መስመር ሊዘረጋ መጣ፤ እኔ ትሬይ እንድገዛ ታዘዝኩ። ትሬይ ከጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ወፍራም ኬብሎች የሚተኙበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ረጅም ብረት ነው። አራተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ስለሚያውቅ ፊደሉን ትልልቅ አድርጎ ጻፈልኝ። በቀለጠ ዚንክ የተነከረው ይሁን፣ መልኩ ዳለቻ ነው፣ የሚያብረቀርቀው ለደረቅ ቤት ነው፣ ስንዴ ማጠቢያው ግን እርጥብ ስለሆነ ይዝጋል ይላል። አነበብኩት። አላነበብኩትም እንዳልል አንብቤዋለሁ።

ባሕር ዳር ሻጩ ሁለቱንም አወጣልኝ። በሰፈራችን ቤት የሚሠራ ሁሉ ቆርቆሮ ሲገዛ እኔን ይዞ ይሄዳል። በጥፍሬ መታ አድርጌ፣ ወደ ፀሐይ አዙሬ፣ ከሰው ጣሪያ የወረደውን ከአዲሱ እለያለሁ። የደበዘዘ ቆርቆሮ ያረጀ ነው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ስለዚህ ዳለቻውን ሳየው ሰውዬው አሮጌ ሊያሸክመኝ ነው አልኩ። የሚያብረቀርቀውን ጫን አልኩት። ሳቀብኝ። «እናቴ፣ የሙሽራ ቤት ጣሪያ አስመሰሉት እኮ። ወረቀትዎ የሚለው ዳለቻውን ነው» አለኝ። ሳቁ አናደደኝና ጭራሽ እንቢ አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነበር። ኃጢአቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጀማል ዕቃው ሲራገፍ አየና አንዱን ትሬይ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ፣ «እትዬ ይታይሽ፣ ዳለቻው የለም አሉ?» አለኝ። የለም አሉ አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ባለቤቱ «ይታይሽን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም» እያለ ነበር ሦስት ልጅ በማሳድግበት ሥራ ያቆየኝ። ጀማል አመነኝ። የፋብሪካው መክፈቻ ቀን ስለደረሰ ለጊዜው እንዲሰቀል፣ ክረምት ሳይገባ ግን ዳለቻው ተፈልጎ እንዲቀየር፣ ይህንንም ለባለቤቱ እንድነግርለት አደራ ብሎኝ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። አደራውን በላሁ። አንድ ክረምት አለፈ። ዝገቱ እንደ ቀይ አፈር ወለሉ ላይ ሲረግፍ በየጠዋቱ እኔው እጠርገው ነበር። እናት አይደለሁም? ልጄ ስታስነጥስ የምደነግጥ ሰው ከትርንጎ ራስ በላይ የተንጠለጠለውን እያየሁ እንዴት ዝም አልኩ?

በሁለተኛው ክረምት ወደቀ። የትርንጎን ትከሻ ሰበረ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ባለቤቱ ብረቱን የመረጠው ጀማል ነው አለ። ጀማል የመረጠውን በወረቀት ጽፎ ለእኔ እንደሰጠ ተናገረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያ ወረቀት በዚያች ሰዓት መቀነቴ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ እቤት ትቼው ልጆቼ እንዳያገኙት ፈርቼ ይዤው ዞርኩ። ወረቀት አልሰጠኝም አልኩ። የዘንገናው ሽማግሌ፣ «እንግዲያው የልጆችሽን ስም አንድ በአንድ ጥሪና በእነሱ ማይ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያ ልጄ ስም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አያስምሏቸው» አለ ጀማል። «ልጆች አሏቸው። ጥፋቱ የእኔ ይሁን።»

ወደ እኔ አላየም። እንደምዋሽ ያውቅ ነበር። እኔ ወደ ልጆቼ ልወረውረው የነበረውን መሐላ እሱ ተቀበለው። እኔስ? እኔ ዝም አልኩ። ትርንጎን እሱ አሳከመ፣ ስሙም በከተማው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጠው አጣ።

ልጆቼ ዛሬ ጤነኞች ናቸው። ሰላም ግን የለኝም። አንዱ ሲያመሽ፣ አንዷ ሲያተኩሳት፣ ያች ሳልጨርሳት የቀረችው መሐላ ትመጣብኛለች። ባለፈው ወር ወረቀቱን ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። ጀማል ይሠራበት በነበረው ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ጨርቅ ይሸጣል። ጎረቤቱ፣ ሄደ እንጂ ወዴት እንደሄደ አናውቅም አለኝ። ስልኩ አይሠራም። ወረቀቱን ለትርንጎም ለባለቤቱም አሳይቻለሁ። ትርንጎ አንብባ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ስለ ልጆቼ ነው ያደረግኩት አልልም፤ ጀማልም ልጆቼን አስቧል፣ ግን አልዋሸም።

ጀማል ረጅም ነው፤ ሲሠራ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ይሰካል፤ ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለበት። አንዳንዱ አዲስ ቅዳም ከተማ አየሁት ይላል፣ አንዳንዱ ወደ ቆላ ወርዷል ይላል። የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ፣ ደኅና መሆኑን ንገሩኝ።