«እንብላ» ሲሉት የተቀመጠው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ኦቲዝም አለበት። ጅጅጋ ውስጥ ሥራ ያገኘው እኔ ሰሃን በማጥብበት ምግብ ቤት ነው። የምግብ ቤቱን ባለቤት ለመጠየቅ ስንት ቀን ፈራ ተባ አልኩ። በመጨረሻ «እትዬ፣ ወንድሜ ጠረጴዛ ይወልውልልሽ» አልኳት። ሰው ጠፍቶባት ስለነበር እሺ አለች።

ቤት ከዋለ ወጥቶ ይሄዳል፤ ባጃጅ ሲመጣ አይቆምም። እናታችን ሮጣ የምትይዝበት ጉልበት ስለሌላት ትቆልፍበታለች። ከዚያ በር ያስወጣው ሥራው ነው።

እትዬ ቴሌቪዥኑ እንዳይረብሸው ከወጥ ቤቱ አጠገብ በጓሮ በኩል ያሉትን ጠረጴዛዎች ሰጠችው። ካላስቸኮሉት ጥሩ ይሠራል።

እዚህ ሰው ሲበላ አጠገቡ ያለፈውን ሁሉ «እንብላ» ይላል፤ ሶማሌዎቹ «ቢስሚላህ» ይላሉ። አመስግኖ ማለፍ ነው እንጂ ማንም አይቀመጥም። ወንድሜ ግን አንድ ቀን ደንበኞች «እንብላ» ሲሉት እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ከሩዙም ከፍየል ሥጋውም በላ።

«ታዲያ ሒሳቡንም አብረን እንክፈል!» ብለው ሳቁ።

በማግሥቱ ሲደግመው ግን ደንበኛው ሰሃኑን ትቶ ወጣ። እትዬ ወጥ ቤት ድረስ መጣች።

«አንቺ፣ ሌላ ቀን ከተቀመጠ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ!»

ቤት ውስጥ ደጋግሜ አስተማርኩት። «እንብላ ሲሉህ ‹መልካም ምግብ› ብለህ እለፍ።» ያዘው። እሱ አንዴ የያዘውን አይለቅም።

እኛ ሠራተኞች ምሳ የምንበላው በአንድ ትሪ ነው። ወጥ ሠሪዋ «ና እንብላ» ስትለው «መልካም ምግብ» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።

«ወንድምሽ ኮራብን እንዴ?» ትለኛለች።

ቤትም ያው ነው። እናቴ «የኔ ጌታ፣ ከኔ ጋር እኮ ነው» ብላ ታለቅሳለች። «መልካም ምግብ» ይላታል። «ከእኛ ጋር ተቀመጥ» ካልኩት ነገ ከደንበኛም ጋር ይቀመጣል። ብቆጣም ብለምነውም የሚቀምሰው ጥቂት ነው። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።

ትናንት ሰሃን እንደያዘ ወደቀ።

«በሽተኛ ነው፤ እዚህ ቢሞትብኝስ?» አለች እትዬ።

«እርቦት ነው» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እንግዲያው አብዪው። ነገም ሳይበላ ከዋለ ይዘሽው ሂጂ።»

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሩዝ በሰሃን ሞልቼ እሱ የሚወለውለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ማንም «እንብላ» እንዳይለው ሁሉንም ለምኛለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ማጠቤን ቀጠልኩ። ከኋላዬ የጨርቁ ድምፅ ይሰማኛል፤ በሰሃኑ ዙሪያ ዙሪያውን እየወለወለ ነው።