ከላሊበላ ሊዝበን፦ መምሬ አያሌውን ባሕር ለማሳየት

ረቡዕ፣ ንጋት፣ ላሊበላ

ሚኒባሱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ደርሶ ጡሩንባ ሲነፋ፣ አጎቴ መምሬ አያሌው ተዘጋጅተው መጠበቅ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፣ በአንድ እጅ መስቀል፣ በሌላው መቋሚያ። እግራቸው ላይ ግን እኔ የገዛሁላቸው ነጭ ስኒከር አለ።

«ይሄ ጫማ እኔ ሳላዘው ይራመዳል» አሉኝ፣ ወደ ሚኒባሱ በጥንቃቄ እየተራመዱ።

እኔ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፈረንጅ አስከትዬ ዋሻ ስገባና ስወጣ የኖርኩ፣ «እባካችሁ ጫማችሁን አውልቁ» የሚለውን በአራት ቋንቋ የምችል ሰው ነኝ። ራሴ ጎብኚ ሆኜ ግን አላውቅም። መምሬ ደግሞ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከዚህ ጉዞ በፊት ከላስታ ወጥተው የሚያውቁት እስከ ወልድያ ነው፤ እሱንም ለጥርሳቸው።

ጉዞው የመጣው እንዲህ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ዡአኪም የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ከሚስቱ ከአና ጋር ከፖርቱጋል መጥቶ ነበር። ከከተማው በላይ ተራራ ላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም ስንወጣ እግሩ ወለም አለው። መምሬ ከራሳቸው በቅሎ ላይ አስቀምጠው ቤታቸው አወረዱት፤ ሦስት ቀን አስተኝተው አሻሹት። የባልና ሚስቱን ስም ስነግራቸው መምሬ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ኢያቄም ወሐና! የእመቤታችን አባትና እናት ቤቴ መጡ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ኢያቄም፣ ሴትዮዋ ሐና ናቸው። ራሳቸውም ደብዳቤያቸው ላይ እንደዚያ ብለው ይፈርማሉ፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

ኢያቄም ያኔ ሲሰናበት «እኔስ አገር ቢመጡ ምን ላሳይዎት?» አላቸው። «ባሕር» አሉት። «ሙሴ የከፈለውን፣ ዮናስ የተጣለበትን ስንት ዘመን ሳነብ ኖርኩ። ግን ባሕር የሚባለውን አይቼው አላውቅም።» ዘንድሮ የሁለት ሰው ትኬት መጣ። ለአራት ቀን። ከትኬቱ ጋር ያለው ወረቀት ላይ ሐና «ልቡ ታሟል፣ ባትዘገዩ ደስ ይለኛል» ብላ ጽፋለች።

ኤምባሲው ውስጥ ለቪዛ ጥያቄ የምታቀርበው ልጅ መምሬን «እንደሚመለሱ ማረጋገጫዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«የሚመጣው ሳምንት ሰሞነኛ ነኝ» አሉ። «እኔ ካልተመለስኩ ማን ሊቀድስ ነው? አንቺ ነሽ?»

ተሰጠን።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ አውሮፕላን የምንቀይርበት ከተማ

ለስጦታ የያዙትን ማር ከሻንጣው ጋር እንዲያስገቡት ለምኛቸው ነበር። «የኢያቄምን ማር ከእጄ አላወጣም» ብለው ይዘውት ተሳፈሩ። ፈታሹ ማሰሮውን ከቦርሳቸው አውጥቶ ከፍ አደረገው።

«ፈሳሽ ነው፣ አይገባም።»

ተረጎምኩ። መምሬ ተገረሙ። «የላስታ ነጭ ማር ፈሳሽ? በል ገልብጠው በለው።»

ሰውየው ቀልድ ወዳድ ሳይሆን አልቀረም፣ ክዳኑን ከፍቶ ገለበጠው። ማሩ ንቅንቅ አላለም። ከኋላችን የቆመው ሰልፍ አንገቱን አስግጎ ማየት ጀመረ። መምሬ በኩራት ዙሪያቸውን ቃኙ። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ጉያቸው ውስጥ አሙቀውት አድረው ኖሮ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጠብታ ከአፉ ላይ ተንጠለጠለች፤ ረዘመች፤ ረዘመችና የሰውየው ጫማ ላይ አረፈች።

ሰልፉ በአንድ ድምፅ «ኦ!» አለ።

«አሁን የት ያደርሱታል?» ብለው ጠየቁኝ መምሬ። እንደሚጣል ነገርኳቸው። ይህን መስማት አልቻሉም። ከቦርሳቸው ድፎ ዳቦ አውጥተው ባረኩ፣ ቆረሱ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ ማር እያስነኩ ለሰልፈኛው ማደል ጀመሩ። ሕፃን ያዘለች ሴት ተቀበለች፤ ከረባት ያሰረ ሰው ተቀበለ። ፈታሹ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ኋላ ሁለት ጊዜ ቀመሰ። እሳቸው ራሳቸው አልነኩትም፤ የሰኔ ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸው ምንም አይገባም። ማሰሮው ባዶ ሆኖ አለፈ። አውሮፕላናችን በር ላይ የደረስነው እየሮጥን ነው፤ ስኒከሩ ያኔ ተመሰገነ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሊዝበን

ከላሊበላ የወጣሁት ከዳገት ላርፍ ነበር። ሊዝበን ዳገት ናት። በጠባብ መንገድ ላይ ደረጃ፣ ከደረጃው በላይ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ልብስ የተሰጣበት ሰገነት። ቢጫ ባቡር በሰው ቤት መስኮት ሥር እየተንቋረረ ይወጣል። የእነ ኢያቄም ቤት ከሁሉ በላይ ያለው ሰፈር ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም።

ኢያቄም ሶፋ ላይ ሆኖ ጠበቀን። ከስቷል። መምሬን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና ትንፋሽ አጠረው፤ መምሬ በመስቀላቸው ደረቱን ዳስሰው አጠገቡ ተቀመጡ። የእኔ እንግሊዝኛ መካከላቸው ገባ። ኢያቄም ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከቤት አልወጣም፤ ደረጃውን ልቡ አይችለውም።

ሐና ገበታውን ዘረጋች። «ሥጋ እንደማትበሉ አንብቤያለሁ!» አለች ፊቷ በርቶ። የደረቀ ዓሣ በክሬም፣ የዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ በእንቁላል። መምሬ ገበታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አመስግንልኝ። ቀጥሎ ዓሣው ጾም እንደሚሽር፣ እንቁላሉም እንደዚሁ፣ ክሬሙም እንደዚሁ ንገርልኝ። ቀስ ብለህ ንገራት፣ እንዳትደነግጥ።»

ዳቦ፣ ወይራና ቅቅል ድንች በሉ። እኔም ከሳቸው ጋር ዳቦ፣ ወይራና ቅቅል ድንች በላሁ። የዓሣው ሽታ ግን እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ዓርብ፣ ጉብኝት

ጠዋት ሐና ከተማው ቁልቁል የሚታይበት አደባባይ ወሰደችንና ውሃ ልትገዛ ሄደች። ከጣሪያዎቹ ማዶ ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ መርከብ የተንሳፈፈበት ውሃ ተዘርግቷል።

መምሬ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ያ ነው?»

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ግን አስጎብኚ ነኝ፤ አላውቅም ማለት ከአፌ አይወጣም። «አዎ፣ ያ ነው!» ብዬ ስለ ጥልቀቱ፣ ስለ መርከበኞቹ፣ ስለ ማዕበሉ ለሩብ ሰዓት ያህል አብራራሁ። መምሬ ጫማቸውን አወለቁ፤ ወደ ውሃው ዞረው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ዓይናቸው ረጠበ። ሐና ውሃ ይዛ ስትመለስ ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ።

«ባሕሩን አይተው ነው።»

«ባሕር? ያ እኮ ወንዝ ነው።»

መተርጎም ነበረብኝ። መምሬ ቀስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ክሩን አሰሩ።

«ፈረንጆቹንስ እንዲህ ነው የምታስጎበኛቸው?» አሉኝ።

ባሕሩ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንደሚያስኬድና እሑድ እንደምንሄድ ሐና አጽናናቻቸው። ቀጥለን ወንዙ ዳር ያለ ትልቅ ገዳም ሄድን። ዓምዱ ሁሉ ገመድና ቅጠል የተፈለፈለበት ነው። መምሬ ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳበሱ ዞሩት። «ጥሩ እጅ ነበራቸው» አሉ። «እነሱ ድንጋይ እየጨመሩ ነው የሠሩት። የእኛዎቹ እየቀነሱ።» ሃያ ዓመት ስናገር እንዲህ በአጭሩ ብዬው አላውቅም።

ከገዳሙ ስንወጣ ግን ጉድ ፈላ። አንዲት ጎብኚ ከመምሬ ጋር ፎቶ ልትነሳ ጠየቀች። እሳቸውም ባርከው ተነሱላት። ከኋላዋ ሌላ መጣ፤ ከሌላው ኋላ ሌላ። ወዲያው ሰልፍ ሆነ። ከገዳሙ በር ላይ የቆሙት የአገሩ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸው ወደኛ ሲፈልሱ በክፉ ዓይን ያዩኝ ጀመር። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም «ስንት ነው?» ብሎ ኪሱን ዳሰሰ።

«እኛ ነን እኮ ጎብኚዎቹ!» አልኩት። አላመነኝም።

ቅዳሜ፣ መብልና መጠጥ

የሰፈሩ በዓል ነው። በየበሩ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ እኛ በቆርቆሮ የምናውቀው ሰርዲን ረድፍ በረድፍ ይጠበሳል። መምሬ መጀመሪያ ጭሱን ሲያዩ ቤት የተቃጠለ መስሏቸው ነበር። ሐና ግድግዳ ላይ ያለች ቀዳዳ ከምታክል ሱቅ የቼሪ መጠጥ ጋበዘችን፤ በአውራ ጣት ልክ ብርጭቆ፣ ከነፍሬው። መምሬ ቀመሱና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሱት። «አረቄ ነው፤ ለሕፃን ልጅ የተቀመመ አረቄ።» ብርጭቆውን ግን ባዶውን ነው የመለሱት።

እኔ ደግሞ ልናዘዝ። አሥር ሰዓት ላይ «ፎቶ ላነሳ» ብዬ ወጣሁና ጥግ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ገባሁ። ላዩ እርር ያለ፣ ውስጡ የእንቁላልና የወተት፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት ትኩስ ኬክ ነው፤ አንዱ ከአንድ ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። አራት በላሁ። ቆሜ ነው የበላሁት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

ስመለስ መምሬ መስኮት አጠገብ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጢምህን ጥረግ።»

ጠረግሁ።

«ያም በኩል።»

እሱንም ጠረግሁ። ተመልሰው ዳዊታቸው ላይ አቀረቀሩ። ገጹን ሲገልጡ «ለኢያቄም አላመጣህለትም?» አሉ። ከስድብ ሁሉ ይሄ ባሰኝ። ተመልሼ ሄጄ ስድስት ገዛሁ።

እሑድ፣ የመጨረሻው ቀን

ጠዋት ሐና ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች። የባቡር ሠራተኞች አድማ መትተዋል። ነገ ጠዋት ደግሞ አውሮፕላናችን ይነሳል።

መምሬ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ። ያኔ ሐና ምድር ቤት ዓሣ የሚሸጥ ፔድሮ የሚባል ጎረቤት እንዳለ፣ በዕቃ መጫኛ መኪናው ሊያደርሰን እንደሚችል ነገረችን።

«ፔድሮ በእኛ ማን ማለት ነው?»

«ጴጥሮስ» አልኳቸው።

መምሬ ተነሱ። «ዓሣ ሻጭ፣ ስሙ ጴጥሮስ፣ በሐዋርያት ጾም! ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞሩ። ኢያቄም ከሶፋው ላይ እጁን እያውለበለበ ነው።

«እሱስ?»

እንደማይችል አስረዳሁ።

«ባሕሩን የማሳይህ እኔ ነኝ ያለኝ እሱ ነው። እሱ ካልወረደ እኔ አልሄድም።» ቤቱን ቃኙ፤ ከወጥ ቤት የእንጨት ወንበር ጎትተው አመጡ። «እኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ከአሸተን ይወርዳል። ከፎቅ ማውረድ ሊያቅተን ነው?»

ሐና ፔድሮን ከታች ጠራችና ለሐኪሙ ደወለች። ሐኪሙም ኢያቄም በእግሩ እስካልወረደና እስካልደከመ ድረስ ይሁን አለ። መምሬ ጋቢያቸውን አውልቀው ኢያቄምን ከወንበሩ ጋር ጠፈሩት። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ሳቡት። ረጅሙ እኔ ከታች፣ መምሬና አጭሩ ፔድሮ ከላይ ሆነን ወረድን። መቋሚያውን ሐና ይዛ ከፊት ከፊት ትመራለች። በየመታጠፊያው መምሬ፣ ወሎዬ ሁሉ ሰው ሲያበረታ እንደሚለው፣ «አብሽር!» ይላሉ፤ ፔድሮም ምን እንደሆነ ሳያውቅ «አብሺር!» ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ተከፈተ። ሁለተኛው ላይ አንዲት አሮጊት በፒጃማ ወጥታ አጨበጨበች። ኢያቄም ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም። አንድ ደረጃ ብስት ምን እንደሚሆን ብቻ ነበር የማስበው።

መንገድ ላይ ስናሳርፈው ዓይኑን ገለጠ። ፀሐይዋን አየ፣ ከዚያ የሰፈሩን ድንጋይ በእግሩ ነካ ነካ አደረገ።

በዓሣ ሳጥኖች መካከል ተቀምጠን፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተትን፣ ውቅያኖሱ ዳር ደረስን። ወንበሩን እስከ እርጥቡ አሸዋ ወሰድነው።

ይሄኛውን ማንም ማብራራት አላስፈለገውም። መጨረሻ የለውም። መምሬ ረዥም ጊዜ ቆመው አዩት። ማዕበሉ እየመጣ ይፈርሳል፤ እንደገና ይመጣል።

«ዝም አይልም እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

ኢያቄም ተተረጎመለትና ራሱን ነቀነቀ። «አይልም።»

«ሌሊትም?»

«ሌሊትም።»

ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀመሱ፤ ፊታቸው ተጨማደደ። «ይህን ሁሉ ጨው!» ወዲያው አንድ ማዕበል መጥቶ እስከ ጉልበታቸው አራሳቸው፤ ስኒከሩ ሞላ፤ ኢያቄም እስኪያስለው ሳቀ። መምሬ ሄደው ከወንበሩ ጎን አሸዋው ላይ ተቀመጡና እጁን ያዙት። ሁለቱ ያለ እኔ ትርጉም ብዙ ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብዬ ከፔድሮ ጋር ቆምኩ።

ወደ ላይ ስንመልሰው የሦስት ፎቅ ጎረቤት ወጥቶ ተሸከመ።

ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን፣ ላሊበላ

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ ስንወጣ ሹፌሩ በመስታወቱ መምሬን ያያቸዋል። አየር ማረፊያው ካለበት ከሽምሸሃ ጀምሮ ሊጠይቃቸው ሲቁነጠነጥ ነበር።

«መምሬ፣ አውሮፓ እንዴት ነው?»

መምሬ አሰቡበት። «ዳገት ነው። ድንጋይ ነው። ደረጃ ነው። የኛው አገር ነው፤ ከሥሩ ውሃ ፈሰሰበት እንጂ።»

ከተማው መግቢያ ላይ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ጮኸ። ሐና ቪዲዮ ልካለች። ያው ደረጃ ነው፣ ያው ወንበር። ኢያቄም ላዩ ላይ ታስሯል። በእኛ ፈንታ ሁለት ጎረምሶች ከላይ ይዘዋል፤ ፔድሮ ከታች፤ አሮጊቷ ከኋላ። «አብሺር! አብሺር!» ይላሉ። ከቪዲዮው ሥር «ቡና ሊጠጣ እየወረደ ነው» የሚል ተጽፎበታል።

ስልኩን ለመምሬ ሰጠኋቸው። ከፊታቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ሁለት ጊዜ አዩት፤ ሦስተኛውን ሲጨርሱ ክንዴን ያዙኝ።

«አጭሩን ሰው ከታች አቆሙት እኮ! ወደ ፊት ሊደፉት ነው። ረጅሙ ነው ከታች የሚሆነው። በል፣ ቡናውን ጠጥቶ ሳይመለስ ቶሎ ደውልላቸው።»