ግማሽ ደቂቃ የዘገየ አሜን

ከኡራኤል እስከ ስታዲየም ባለው ምድር፣ ቪዲዮን በኔትወርክ በቀጥታ ስለማስተላለፍ ከእኔ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። የኢንተርኔት ዶንግል በእጄ መዝኜ ፍጥነቱን እናገራለሁ። ካሜራ ገና ሳይበራ ምስሉ ምን እንደሚመስል አሽትቼ አውቃለሁ። ሰውም ያምነኝ ነበር፤ ካዛንቺስ ውስጥ ሃያ ዓመት የሰርግ ቪዲዮ የሠራ ሰው ምን ይሳነዋል? ታዲያ አሁን እስከማወራችሁ ሰርግ ድረስ አንድም ነገር በቀጥታ አስተላልፌ አላውቅም ነበር።

ባቡሩ በመስቀል አደባባይ ማለፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። አንዲት ሙሽራ ስቱዲዮዬ መጣች። አባቷ ቡታጅራ ናቸው፤ ከደረጃ ወድቀው እግራቸው በጀሶ ታስሯል፣ ሐኪሙም መኪና እንዳይሳፈሩ ከልክሏቸዋል። ሰርጉ እዚሁ ካዛንቺስ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ የጥሪ ካርዱም ተበትኗል።

«ጋሼ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለችኝ። «አባዬ እያየኝ ይመርቀኝ። ሳይመርቀኝ ከዚያ አዳራሽ አልወጣም።»

«ማየት ብቻ? ጥርስሽን አንድ በአንድ ነው የሚቆጥሩት!»

እንግዲህ መሣሪያ መምረጥ መጣ። ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ትልቁ ነው፦ የሰርጉን ካሜራ ከላፕቶፕ ጋር ማገናኘት፣ ምስሉን በሶፍትዌር ማሳመር፣ ከዚያ ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር መላክ። አባት ቡታጅራ ሆነው ከሰርቨሩ ይከፍቱታል። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ሰርቨሩ የተላከለትን ሰብስቦ፣ አደራጅቶ ስለሆነ የሚለቀው ይዘገያል። ሁለተኛው፣ ሰው ሁሉ አረብ አገር ካለ ዘመዱ ጋር የሚተያይበት የስልክ ቪዲዮ ነው። ምስሉ ይፈዛል፣ ይቆራረጣል፣ ግን ወዲያው ይደርሳል።

የድምፁን ሥራ የምትሠራ ባልደረባ አለችኝ። አስር ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ አድንቃኝ አታውቅም። ትልቁን ስንሞክር እሷ እንደ ተመልካች ስልኳን ይዛ ተቀመጠች፣ እኔ ካሜራው ፊት እጄን አውለበለብኩ። ጠበቀች። አሁንም ጠበቀች። እጄ ደክሞ ወርዶ ማኪያቶዬን ካነሳሁ በኋላ፣ ስልኳ ላይ ያለሁት እኔ ማውለብለብ ጀመርኩ።

«ግማሽ ደቂቃ!» አለች። «ኢንጂነሩ፣ ሰውየው እኮ የሚያዩት ያለፈውን ነው። በስልክ እናድርገው በቃ።»

«ኳስ ነው እንዴ ጎል የሚያመልጣቸው? በግማሽ ደቂቃ ሙሽራዋ አታረጅም!»

«ምርቃቱስ?»

«የሳቸውን ድምፅ በተራ ስልክ አመጣና ስፒከር ላይ እለቀዋለሁ። ድምፁ እየተመለሰ እንዳይጮህብን ደግሞ በስልኩ ወደሳቸው የሚሄደውን እዘጋለሁ፤ እኛን ምስሉን ከሚያዩበት ላፕቶፕ ይሰሙናል። ተፈታ!»

የማይክ ገመዷን መጠቅለል ጀመረች።

የሰርጉ ዕለት ምስሉ፣ ምን ልበላችሁ! አባትየው ቤት ላፕቶፑን የከፈተላቸው ጎረቤታቸው፣ አንድ መምህር፣ ደውሎ «የዶሮ ወጡ እንቁላል ሳይቀር ይታያል» አለኝ። ደረቴ ከመነፋቱ የተነሳ የኮቴ ቁልፍ ተፈናጥሮ አንድ ሚዜ ሊያቆስል ነበር።

ምሳው ሞቅ እንዳለ የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። አስራ ሁለት ሺህ እንግዳ፣ እሺ፣ ሦስት መቶ፣ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሳ። ሙሽሮቹ ተንበረከኩ። በስልክ «አባባ፣ ይጀምሩ» አልኳቸውና ወደሳቸው የሚሄደውን ድምፅ ዘጋሁ።

«ትዳራችሁ ይባረክ!» አለ ወፍራም ድምፅ ከስፒከሩ።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ዝም አሉ። መራቂ እንዲህ ነው፤ አንድ ይልና አሜኑን ይጠብቃል፣ አሜኑን ሲያገኝ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አሜን ያልተባለበት ምርቃት አየር ላይ የቀረ ነው። እኛ ብለናል። እሳቸው ፊት ያለው ግን ከግማሽ ደቂቃ በፊት የነበረው አዳራሽ ነው።

«ውለዱ፣ ክበዱ!» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አሜን!»

አሁንም ዝም። ከዚያ ለመምህሩ ያሉትን እኛ ሁላችን በስፒከር ሰማነው።

«እየበሉ ነው እኮ! እኔ እየመረቅኩ እነሱ ይበላሉ! ያንን ወፍራም እየው፣ አጥንቱን አልለቅ ብሎ!»

ወፍራሙ የሙሽራው አጎት ነው። ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል የነበረው ሰውዬ ደንግጦ መዳፉን አየ።

«አባባ፣ ቆመናል!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? ራሴ ዘግቼዋለሁ።

«ልጄን የሰጠሁት አሜን ለማይል ሰው ነው? በቃ፣ ትቼዋለሁ። ዝጋው!»

ስልኩም ላፕቶፑም ተዘጋ። የመጀመሪያው አሜን ገና መንገድ ላይ ነበር።

ሙሽራዋ እንደተንበረከከች ቀና ብላ አየችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ አልወጣም ብዬሃለሁ» አለች ዝግ ብላ።

ባልደረባዬ የራሷን ስልክ አውጥታ ለመምህሩ በቪዲዮ ደወለች፣ ስልኩን ለሙሽራዋ ሰጥታ ማይክ አስጠጋችለት። የአባትየው ፊት አራት ቦታ ተቆራርጦ ብቅ አለ።

«አባዬ፣ ሁሉም ቆሟል። አሜን ብለናል፣ ሳይደርስህ ነው።»

«እስቲ አሁን በሉ!»

«አሜን!»

ሳቃቸው ወዲያው መጣ። «አሁን ሰማሁ! ያ ወፍራምም ተነስቷል?»

«ተነስቻለሁ አባቴ! ከቅድምም ቆሜ ነበር!» አለ አጎትየው፣ እጁን እያሳየ።

ከመጀመሪያው ጀምረው መረቁ፣ እኛም አንድም ሳናሳልፍ አሜን አልን። «ልጄ፣ ከቬሎሽ ንጣት በቀር የሚታየኝ የለም፤ ይበቃኛል» አሏት ሲጨርሱ። ሙሽራዋ ተነስታ ከአዳራሹ ወጣች።

ዛሬም ለቀጥታ ስርጭት መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ወደ እኔ ይመጣል፣ እኔም አፌን ሞልቼ እመልሳለሁ። መጀመሪያ «የሚያየው ሰው ዝም ብሎ ያያል ወይስ መልስ ይጠብቃል?» እላለሁ። ዝም ብሎ የሚያይ ከሆነ ጥራቱን፣ መልስ የሚጠብቅ ከሆነ ፍጥነቱን ምረጥ። ይህን ባልኩ ቁጥር ባልደረባዬ ጥግ ላይ ሆና ትስላለች።

እውነቷን ነው። ያኔ ለሙሽራዋ ቤተሰብ መዘግየቱን አላውቅም ነበር ብያለሁ። አውቅ ነበር። ትልቁን መሣሪያ የመረጥኩት የስቱዲዮዬን ስም በምስሉ ጥግ ላይ ስለሚጽፍልኝ ነው። የስልኩ አይጽፍም።