የተገለበጠው ደረጃ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ሁሉም «ኮምፒውተሯ» ነው የሚላት። የሰፊዎቹን የቀን ውጤት ኤክሴል ላይ ትመዘግባለች፤ ወሩ ሲያልቅ በማጠቃለያ ሰንጠረዥ ትሰበስበዋለች። ሥራውን ያስገኘችላት አክስቷ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፣ እዚያው ፋብሪካ የሸሚዝ ቁልፍ ስትሰፋ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት።

የምርት ክፍሉ አለቃ ደግሞ አብሮ አደጓ ነበረች። አንዷ የሌላዋን ቀሚስ እየለበሰች ነው ያደጉት። ስለዚህ አለቃዪቱ አንድ ዓርብ ወንበር ስባ አጠገቧ ስትቀመጥ ምንም አልጠረጠረችም።

«የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ሠራተኛውን በደረጃ አስቀምጪልኝ። ጎበዞቹን ልሸልም ነው።»

«ይኼማ ምን ችግር አለው!»

ስሞቹን በረድፍ አስገባች፤ የሰፉትን ደመረች፤ ከዚያ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደረችው። በጎኑ አንድ ዓምድ ጨምራ ለያንዳንዱ ደረጃ ሰጠችው። ስሞቹ ሲተራመሱ አይታ አለቃዪቱ እንደ ሕፃን አጨበጨበች።

«በናትሽ አደራደሩን ለእኔም አሳዪኝ!»

አሳየቻት። ሰንጠረዡን ወደ ታች ስትስበው ግን ክው አለች። መጨረሻ ላይ ያለችው አክስቷ ነበረች።

«ይኼ ልክ አይደለም» አለች። «አክስቴ ዓይኗን ኦፕሬሽን ሆና ግማሹን ወር አልነበረችም። በድምር ብቻ ከደረደርነው የታመመ ሁሉ ሰነፍ ይመስላል። በሠሩበት ቀን ላካፍለውና አማካዩን ላውጣ።»

«ኧረ ተይው! ለሽልማት ነው አልኩሽ እኮ። ታችኛውን ማን ያየዋል?»

ትከሻዋን ቸብ አድርጋት ሄደች።

ሰኞ ጠዋት መግቢያው በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ ሳለ ደረሰች። ሰንጠረዡ ተለጥፏል፤ ግን ተገልብጦ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ራስጌው ላይ «ከሥራ የሚቀነሱ» ይላል፤ የመጀመሪያዎቹ ስሞች ቀይ ተቀብተዋል፤ አንደኛዋ አክስቷ። ግርጌው ላይ «ያዘጋጀችው» ተብሎ የሷ ስም ከነአባቷ ሰፍሯል። ስሟን የማያውቁት ሁሉ ያን ቀን አወቁት። ስታልፍ መንገድ ለቀቁላት፤ «እንደምን አደርሽ» ያላት ግን አንድም የለ።

እሳት ለብሳ አለቃዪቱ ቢሮ ገባች።

«ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ሥራ አስኪያጁ ሰው ቀንሺ አለኝ። እኔ ገለበጥኩት እንጂ ምን ጨመርኩበት? እውነቱን ብነግርሽ ትሠሪው ነበር?»

«አልሠራውም!»

«ለዚህ ነዋ ያልነገርኩሽ።»

«ስሜንስ ለምን ጻፍሽው?»

አለቃዪቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ሰዉ እኔን ብቻ እንዲጠላ ፈልገሽ ነበር?»

ትታት ወጣች። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰችና ድምሩን ወደ አማካይ ቀይራ እንደገና ደረደረችው። አክስቷ መሃል ላይ ገባች። ይዛው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች፤ ደጅ አስጠንቷት አየው። በሕመም የቀሩት ይመለሱ አለ፤ ሌሎቹ ግን እንደተቀነሱ ቀሩ።

ቤት ስትገባ አክስቷ ፊቷን አዙራ ተኝታለች።

«መልሰውሻል፣ አክስቴ።»

«አልመለስም። አንቺ ግን ስሜ መጨረሻ ላይ እንዳለ ዓርብ ዕለት አይተሻል አይደል?»

«ለሽልማት ነው ብላኝ…»

«ቅዳሜና እሁድ እዚህ አብረን ዋልን። አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። ልቤን የቆረጠው ዝምታሽ ነው።»

ተታለልኩ ብላ ስትብሰለሰል ውላ፣ ለካ አክስቷ ዘንድ እሷም አታላይ ተብላ ኖሯል።

አክስቷ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሥራ ጀመረች። እሷና አክስቷ ቀስ በቀስ ማውራት፣ በኋላም መቀለድ ጀመሩ። ከአለቃዪቱ ጋር ግን ከሥራ ጉዳይ ያለፈ ቃል የላቸውም። ከሁሉ የሚከብዳት የአለቃዪቱ እናት ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ስታልፍ ሲያዩዋት፣ «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ጠፋሽብን? ተቀያየማችሁ እንዴ?» ይሏታል።

«ኧረ ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማማ» ትላለች፤ ጉንጫቸውን ስማ ትሄዳለች።