ካባው አፋፍ ላይ የነበረችው ቤት

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ አካባቢ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት የሚቆፈርበትን አጥር ተጠግቼ ሳልፍ ካፊያ ጣለ። ከጉድጓዱ ውስጥ አዲስ የተፈለጠ፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ሽታ መጣ፤ ቀዝቃዛ፣ ባሩድ ባሩድ የሚል። ቆምኩ። መንገደኛው እየገፋኝ ያልፋል፣ የታክሲ ረዳቱ ይጮኻል፤ እኔ ግን ልጅ ሆኜ ሳሊተ ምሕረት ጀርባ፣ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ ብርሃኔ የጎማ ቦቲያቸውን በር ላይ እያራገፉ ነው።

ጋሽ ብርሃኔ ተከራያችን ነበሩ። የትግራይ ሰው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ኢሉባቦር በኩል ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ቦታ የሠራተኞችን ደህንነት ሲጠብቁ ኖረው፣ ሳንባቸውን ሲያማቸው ለሕክምና መጡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንሿን ሬዲዮ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጃፋቸው ይቀመጣሉ። ጥፍራቸው ሥር በሳሙና ያልለቀቀ ጥቁር ነበር። ምድር ውስጥ የሚኖር ሌሊት ይመስለኝ ነበር፣ እሳቸው በጣታቸው ይዘውት የወጡት።

ሰፈራችን ጫፍ ላይ የተተወ የድንጋይ ካባ ነበር። ፈላጮቹ ለስላሳውን ድንጋይ እየተከተሉ ኮረብታውን ከሥሩ ቦርቡረውት ሄደዋል። እኛ ገደሉ ግርጌ በካልሲ ኳስ እንጫወታለን። አፋፉ ላይ እማማ ጫልቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። አካባቢው ሁሉ እርሻ በነበረበት ዘመን እዚያው የተወለዱ፣ ልጆቻቸውን ቀብረው የቀሩ ሴት ናቸው።

አንድ ከሰዓት ጋሽ ብርሃኔ መጥተው ገደሉን አንጋጠው አዩ። ከላይ ጠጠር ጠብ ጠብ ይላል፤ እኛ ለምደነዋል። እሳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ኳሳችንን አንስተው ራቅ ወዳለው ሜዳ መሩን፤ አኩርፈን ተከተልናቸው። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ እማማ ጫልቱ ቤት ወጡ። እኔም ከጨዋታው በኋላ እንዳደርስ እናቴ የሰጠችኝን እርጎ ይዤ ከኋላቸው ወጣሁ።

ግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል የወረደ ስንጥቅ ነበር። በሩም አልዘጋ ብሏል።

«እማማ፣ ከሥር ያለው መሬት ባዶ ነው። ከዚህ መውጣት አለብዎት» አሉ ጋሽ ብርሃኔ።

«ኢልማ ኮ፣» አሉ እማማ ጫልቱ፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ «እርሻዬ ፎቅ ሆነ። የቀረችኝ ይቺ ቤት ናት። እሷንም ተዪ ትለኛለህ?»

ጋሽ ብርሃኔ ስንጥቁን በጣታቸው ለክተው ወጡ። በማግስቱ ጄሶ በጥብጠው መጡና ቀጭን የመስኮት መስታወት ቁራጭ ስንጥቁ ላይ አሻግረው ለጠፉ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች አሉ። «እስክትሰበር አልነዘንዝዎትም።»

ከዚያ ወዲያ ያቺ መስታወት የቤቱ እንግዳ ሆነች። እማማ ጫልቱ በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሏታል፤ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍባት ትንሽ ብርሃን መደቡ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ ብርሃኔ በየቀኑ ይወጣሉ፤ ስለ መሬቱ አያነሱም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጭጋግ ካባውን ሞልቶት ቤቷ ደመና ላይ የተቀመጠች በመሰለችበት ቀን፣ ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ከሰሉ ጉድጓድ ውስጥ ጓደኛ ነበረኝ። ከጣሪያው ጠጠር መርገፍ ሲጀምር እንውጣ አልኩት። ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ አለኝ። እኔ ወጣሁ።»

 እማማ ጫልቱ እጃቸውን በጋሽ ብርሃኔ ጉልበት ላይ ጣል አደረጉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት እማማ ጫልቱ ራሳቸው ወደ ግቢያችን መጡ። የመስታወቷን ስባሪ በነጠላቸው ቋጥረዋል።

«ኢልማ ኮ፣ ተሰበረችብኝ» አሉ፣ ዕቃ እንዳጠፋ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

ያን ቀን ሰፈሩ ተጠራርቶ አልጋቸውንና ሣጥናቸውን ወደ እኛ ሳሎን አወረደ። ጋሽ ብርሃኔ አፋፉን ዙሪያውን በእሾህ አጠሩ። ሳምንታት አለፉ፤ ምንም የለም። «በጥላቸው የሚደነግጡ ሰውዬ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። እማማ ጫልቱም ቤቴ ልመለስ ማለት ጀመሩ። ጋሽ ብርሃኔ ሁሌ አንድ ቃል ነው የሚመልሱት፦ «ይቆዩልኝ።»

ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ ብቅ ባለችበት፣ ምድር ረጅም ትንፋሽ የተነፈሰች የሚመስል ድምፅ ሰማን። ሮጠን ወጣን። ቤቷ አልተገነደሰችም። ዶሮ እንቁላሏ ላይ እንደምትቀመጥ፣ ከነቆርቆሮዋ፣ በዝግታ ወደ ታች ወረደች። ቀጥሎ ገደሉ ለቀቀ፤ ቋጥኞቹ ድሮ ኳስ የምንጫወትበት ቦታ ላይ ተከመሩ። ነጭ አቧራ ተነስቶ ሁላችንም ላይ ቀስ ብሎ አረፈ።

እማማ ጫልቱ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። «ደከማት፤ ተቀመጠች» አሉ። ጋሽ ብርሃኔ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ያለቅሱ ነበር። ለማን እንደሚያለቅሱ ያኔ አልገባኝም።

መስከረም ላይ ጋሽ ብርሃኔ ወደ ከሰሉ ሥራ ተመለሱ። ሲሄዱ እናቴን ለምነው ክፍላቸውን ለእማማ ጫልቱ ለቀቁላቸው። ሁለት ጊዜ መጥተው ጠየቁን፤ ከዚያ ሳንባቸው አሸነፋቸው የሚል ወሬ ደረሰን።

እማማ ጫልቱ ግን እዚያች ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሩ። አያቶቼን አላውቃቸውም። ስታመም አጠገቤ የሚቀመጡት፣ ከትምህርት ቤት ስዘገይ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። በሠርጌ ቀንም እርጥብ ሣር ይዘው በኦሮምኛ መረቁኝ። ሰዎች «አያቷ ናቸው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እናቴ «አዎ» አለች።